ከስላይዱ እስከ በሽተኛው



ንግግሬን ከአክታ ልጀምር። ለአዳራሽ የሚመጥን ወሬ አይደለም፤ ግን ዛሬ የምለው ሁሉ እዚያች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አስሎት ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይኖርበት እንደሆነ ለማወቅ አክታው ይመረመራል። ባለሙያው ዕቃውን ይሰጠውና «አክታ አምጣ» ይለዋል። ሰውየው ይወጣል፣ ጥግ ይይዛል፣ እንትፍ ይላል። ያመጣው ምራቅ ነው። ባክቴሪያው ያለው ግን ሳንባው ውስጥ ነው፣ አፉ ውስጥ አይደለም። ከዚህ በኋላ ማይክሮስኮፑ የጀርመን ይሁን የጃፓን፣ ቀለሙ ትናንት የተዘጋጀ ይሁን፣ መርማሪው ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ይሁን ለውጥ የለውም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው ዘመናዊ መሣሪያም ምራቁን አክታ አያደርገውም። ወረቀቱ ላይ «ኔጌቲቭ» ይጻፋል። ሰውየው ነጻ ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ማታም ከልጆቹ ጋር አንድ መደብ ላይ ይተኛል።

መሣሪያው አልተሳሳተም። የጎደለው አንድ ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ነው፦ «አባባ፣ መጀመሪያ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። ከዚያ በረጅሙ አየር ይሳቡ፣ ትንሽ ያዝ ያድርጉትና ከደረትዎ አጥብቀው ይሳሉ። ወፈር ያለውን ነው የምፈልገው። ሰው ያልተሰበሰበበት፣ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሁን።» ይህን የሚያስተምረው የትኛው ኮርስ ነው? ማይክሮባዮሎጂ ነው ወይስ ተግባቦት? እኔ ሁለቱም አንድ ኮርስ መሆን ነበረባቸው ባይ ነኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ይህንኑ ለመከራከር ነው።

ሁለቱን አጣምሮ ማስተማር ሌላ ቦታ የተለመደ ነው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚባለው ነገር አሜሪካ ዘመድ ላለው ሁሉ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት ከተማ የተጀመረ፣ ለአካባቢው ሰው ቅርብና ርካሽ የሆነ የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን «ኖቫ» የሚሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንዱ ነው፤ ቀን ሠርቶ ማታ እዚያ የሚማር የአገራችን ሰው ብዙ ነው። የሕክምና ላቦራቶሪም ይሰጣሉ። በእነዚህ ኮሌጆች የላቦራቶሪ ተማሪው ከኬሚስትሪውና ከደም ጥናቱ ጎን ለጎን ጽሑፍና ንግግር መማሩ የተለመደ ነው። እኛ ግን ይህን ለመማር አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ምሳሌው ጎንደር ነው።

በ1945 ዓ.ም. ግድም ደምቢያ ላይ፣ በቆላ ድባ ዙሪያ ወባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1947፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እንግዲህ አስቡት፦ አገራችን ለገጠሩ ሕዝብ ብላ የከፈተችው የመጀመሪያው የጤና ኮሌጅ የወባ ልጅ ነው። ያሠለጠናቸውም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነበር፤ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ይወጡና ጤና ጣቢያ ይመሩ ነበር። ሐኪም በእጅ ጣት በሚቆጠርበት ዘመን የተፈለገው ሙያተኛ ከሕዝቡ ጋር የሚቀመጥ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር አብሮ የሚቆም፣ ለምን እንደሚቆፈርም ማስረዳት የሚችል ሰው ነበር። መናገር ያኔ የሙያው አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኮሌጆቻችን ሲበዙ፣ ሥልጠናው በደረጃና በሞጁል ሲከፋፈል፣ ያ ነገር በመካከል ወደቀ። የእኔ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ ካለ በኋላ ይሞግተኝ።

የቀረው ምንድን ነው? በዩኒቨርሲቲዎቻችን «ኮሙኒኬሽን» ሲባል ተማሪው የሚያውቀው በመጀመሪያው ዓመት የሚወስደውን ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ነው። እንግሊዝኛ አይጠቅምም አልልም፤ የሬጀንቱ መመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ግን ከጀውሃ በእግሯ የመጣች እናት በእንግሊዝኛ አትታመምም። ተማሪው በክፍል ውስጥ በባዕድ ቋንቋ ራሱን ማስተዋወቅን፣ ደብዳቤ መጻፍን ይለማመዳል፤ በገዛ ቋንቋው «ሰገራ ያምጡ» ማለት ግን ያሳፍረዋል። አፍሮም ዕቃውን ብቻ ይዘረጋል። በሽተኛዋም አፍራ ትቀበላለች። እንዲህ ሁለት የተፋፈሩ ሰዎች በመስኮት በኩል የሚለዋወጡት ናሙና ምን ያህል እንደሚታመን እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ብርሃን ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች መንገድ ላይ ግን አገሩ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ነው። ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ አርማንያን ተሻግሮ ሮቢት ሲደርስ መንገደኛው ከ1500 ሜትር በላይ ወርዷል። ጋቢውን ያወልቃል፤ ትንኟ ታገኘዋለች። ከመንዝና ከግሼ ለቀን ሥራ፣ ለሽንኩርት፣ ለማሾ፣ ለማሽላ አጨዳ የሚወርደው ደገኛ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ ክፉኛ የጎዳውም ወባ በማይለመድበት ከፍታ የሚኖረውን ሕዝብ ነበር። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት መቋቋሙ የዚያ ዕልቂት ውጤት ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በቆላ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ሥራው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከጣት ጠብታ ደም ይወሰዳል። አንድ ስላይድ ላይ ወፍራሙም ቀጭኑም የደም ቅብ ይሠራል። ቀጭኑ በሜታኖል ይጠነክራል፤ ወፍራሙ እንዲሁ ይደርቃል፤ ሜታኖል ከነካው ግን ቀይ የደም ሴሎቹ አይፈነዱም፣ ጥገኛውም ተሸፍኖ ይቀራል። ከዚያ ጊምዛ ይቀባል። ጉስታቭ ጊምዛ የተባለው ጀርመናዊ ይህን ቀለም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም እኛ ጠረጴዛ ላይ አለ። ወፍራሙ ጥገኛው መኖሩን ይነግራል፤ ቀጭኑ የወባው ዓይነት ፋልሲፋረም ይሁን ቫይቫክስ ይለያል። «የለም» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ 100 ዕይታ መታየት አለበት። ይህ በጥንቃቄ ሲሠራ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ ምሳ ሳይበላ፣ ሽንት ቤት ሳይሄድ፣ አንድ ሰው 48 ስላይድ ነው የሚያነበው። በኅዳር ከደጅ የተሰለፈው ግን ከዚያ ይበልጣል።

ስለዚህ «ጊዜ የለንም፤ መቼ እናውራ?» የሚለው የባለሙያዎች አቤቱታ ተረት አይደለም። እኔም አልንቀውም። ነገር ግን ጊዜው የት እንደሚሄድ እንይ። ምራቅ ያመጣው ሰው ሳሉ ሲብስበት ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ዕቃ፣ እንደገና ቀለም፣ እንደገና ዕይታ። በባዶ ሆድ መምጣት ሲገባው ቁርሱን በልቶ ለስኳር የተመረመረው ይደገማል። ውጤቱ ያልገባው በሽተኛ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የመርማሪው ዓይን ከማይክሮስኮፑ ይነሳል፤ ቆጠራው ይጠፋል። ያልተነገረች አንዲት ደቂቃ ኋላ ሃያ ደቂቃ ታስከፍላለች።

ስለ ውጤት ወረቀት አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባወራ የደም፣ የሰገራና የሽንት ምርመራ አድርገው፣ ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ተጽፎላቸው ወጡ። «ኖ ሄሞፓራሳይት ሲን» ይላል የመጀመሪያው። ሌሎቹም እንዲሁ «አልታየም» ነው የሚሉት። አባወራው ግን አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ለልጃቸው «ሦስት በሽታ ተገኘብኝ» እያሉ ነበር። ሦስት መስመር፣ ሦስት በሽታ። ከተጻፈ አለ ማለት ነው፤ ሐሳባቸው ከማንም ሐሳብ አያንስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እኛ ደግሞ ጤናን በወረቀት ደበቅንባቸው።

ከዚህ የባሰም አለ፤ እሱም «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በሕይወቱ አንድ ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ፣ ታይፈስም ነካ አድርጎሃል» ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ። እንዳሰብኩት ነው። ይህ ፍርድ የሚወጣው ከሁለት አሮጌ የደም ምርመራዎች ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1896 የመጣው ዊዳልና ከ1916 የመጣው ዌል ፌሊክስ። ሁለቱም የሚፈልጉት ተሕዋሲውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ካለፈው ዓመት በሽታ የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ወባን ጨምሮ ሌላ ትኩሳትም ሊቀሰቅሰው ይችላል። በደንቡ ከሆነ በሳምንት ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ መጠኑ ማደጉ መታየት አለበት። ማን ሁለተኛ ይመጣል? በአንድ ጠብታ፣ በአንድ ቀን፣ «ነካ አድርጎሃል» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በዚህ ጉዳይ የላቦራቶሪ ባለሙያው ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ፦ የውጤቱን ልክ ለሐኪሙ አለመናገሩና በሽተኛው «ታይፎይዴን እዩልኝ» ብሎ ሲመጣ ዝም ብሎ ማየቱ። ሐኪምን «ይህ ቁጥር ብቻውን አያስፈርድም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱ ደግሞ ከትምህርት ነው የሚመጣው፤ ለዲፕሎማ ተማሪ ከሐኪም ጋር እንዴት በአክብሮት እንደሚሟገት ካላስተማርነው ከየት ያመጣዋል?

ቫይቫክስም የራሱ ወሬ ያስፈልገዋል። ከአፍሪካ አገሮች መካከል ይህ ዓይነት ወባ በብዛት ከሚገኝባቸው አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ ምንም አዲስ ንድፊያ ይነሳል። ለዚህ ነው ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የሚሰጠው። ትኩሳቱ ግን በሦስተኛው ቀን ይለቃል፤ የቀን ሠራተኛው ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ያቆማል፤ ወደ መንዝ ይወጣል፤ ለገና ወይም ለፋሲካ ይነሳበታል። ከዚያ «የሮቢት ላቦራቶሪ አያውቅም» ወይም «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ማንም «ጉበትዎ ውስጥ የቀረ አለ» አላለውም።

ፈጣን መመርመሪያውም፣ አር ዲ ቲ የምንለው፣ እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የፋልሲፋረም መመርመሪያዎች የሚያዩት ጥገኛው የሚያመነጨውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ፕሮቲኑ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ መስመሯ ትታያለች። በሌላ በኩል ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ ጥገኞች በአገራችን መገኘታቸው ተረጋግጧል፤ እነሱን ይህ መመርመሪያ ይስታቸዋል። እና መስመር ያለበትም የታመመ ላይሆን፣ መስመር የሌለበትም ያልታመመ ላይሆን ይችላል። ይህን ለባለሙያ ማስረዳት ቀላል ነው። ለእማማ ማስረዳት ግን ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይሰለጥኑበታል።

ቋንቋውስ? ሰፈራችን ይፋት ከድሮ ጀምሮ የነጋዴ በር ነው። በጥንቱ በይፋት ሱልጣኔት ዘመን ከዘይላ የሚመጣው ቅፍለት የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ዛሬም እሑድ ሰንበቴ ገበያ የዋለ ሰው አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውን፣ አፋሩን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ነጋዴው ሁሉንም በየቋንቋው ያናግራል። ሽንኩርት ሻጭ አራት ቋንቋ ሲችል ደም የሚቀዳው ልጅ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ መቀመጡ አያሳፍርም? ልጁ ገጣሚ ይሁን አላልኩም። ሳል፣ ደም፣ ትኩሳት፣ ባዶ ሆድ፣ ነገ ተመለሺ፣ አትፍራ፤ ይህን በኦሮምኛና በአፋርኛ ለመቻል አንድ መንፈቅ ከበቂ በላይ ነው። መምህሩም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል አለ።

ደግሞ መናገር ብቻ አይደለም፣ መስማትም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከእነሱ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዷን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታፈስለት ጠየቃት። ሞቱ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኘለት። ሳይንሱ ከቤተ ሙከራ በፊት ወንዝ ዳር ከሴትዮዋ ጋር በተደረገ ወሬ ጀመረ።

የመገናኛ ብዙኃኑንም ነገር በጥቂቱ ልንካው። ከ1994 መጨረሻ እስከ 1997 መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ድራማ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ድራማ ተከታትሎ የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማድረግ የተነሳ ሰው ብዙ ነበር። ምርመራው ያለ ምክር እንዳይሰጥ የተደነገገውም በዚያው ዘመን ነው፤ ከደም መውሰድ በፊት ንግግር፣ ከውጤት በፊት ንግግር፣ ከውጤት በኋላ ንግግር። ለአንድ በሽታ ይህን ማድረግ ከቻልን ለሌላው ምን ከለከለን? አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳው ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። እሷ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜልና የሕንጻ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። «ኩሬ አዳፍኑ» የሚለው የአያቶቻችን መልእክት ብቻውን አይበቃም፤ በርሜላችሁን ክደኑ የሚል መጨመር አለበት። ይህን ለገበያተኛው በድምፅ ማጉያ፣ ለተማሪው በሰልፍ ላይ ማን ይንገረው? ስላይዱን የሚያነበው ልጅ ቢነግር ነው የሚታመነው፤ ስንት ሰው እንደታመመ በየሳምንቱ የሚቆጥረው እሱ ነውና።

እንግዲህ የኮሌጅ ኃላፊዎችን የምለምነው አዲስ ሕንጻ አይደለም፤ አዲስ ትምህርት ክፍልም አይደለም። በላቦራቶሪው የተግባር ፈተና ላይ አንድ ጣቢያ ጨምሩ። ተማሪው ስላይዱን አንብቦ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይለፍ፤ እዚያ ከከተማው የተጋበዙ አንድ እናት ወይም አባት ተቀምጠው ይጠብቁት። ናሙና እንዴት እንደሚሰጡ ያስረዳቸው፤ ውጤቱንም በሚገባቸው ቋንቋ ይንገራቸው። ፈታኙ መምህሩ አይሁን፤ እማማ ይሁኑ። ምን እንደተባሉ መልሰው መናገር ካልቻሉ ተማሪው ወድቋል፤ ስላይዱን በትክክል አንብቦም ቢሆን ዓመቱን ይድገም። ይህን ለመጀመር በጀት አይጠይቅም፣ ከክልል ደብዳቤም አይጠበቅም። በሚቀጥለው መንፈቅ ፈተና ጀምሩት፤ ፈታኝ የሚሆኑትን እናቶችና አባቶች እኛ የከተማው ሰዎች እናመጣለን።